የአሰልጣኝ ልሳነወርቅ ሽኝት

የደቻቱ ኮከብ ዋና አሰልጣኝ ልሳነወርቅ ሰኞ ጠዋት በጉልበት ሕመም ምክንያት ሥራቸውን መልቀቃቸውን አስታወቁ። ሕመሙ ቅዳሜ ዕለት ከሐረሩ ቡድን ከጀጎል ጮራ የተቆጠሩባቸው አምስት ጎሎች መሆናቸውን ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የወሬ ሳምንት ተጀመረ።

ወንዳፍራሽ የባጃጅ ወንበር የሚሰፋበትን ሱቁን ዘጋ፤ በሩ ላይ «ለወሬ ወጥቻለሁ» የምትለዋን ሰሌዳ ሰቀለና የቡድኑ ደጋፊዎች ወደተመደቡበት ወደ ደጋፊ ንግግር ጣቢያ ቁጥር ሰባት አመራ። ጣቢያ የሚባለው በመንግሥት ወረቀት ላይ ነው እንጂ ሰው ወሬ ቤት ነው የሚለው። ደንቡ እንደሚያዘው ማንኛውም የተመዘገበ ደጋፊ የቡድኑ አሰልጣኝ ከለቀቀበት ማግስት ጀምሮ ለአምስት ቀን፣ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት፣ ስለ አሰልጣኞች ለውጥ የማውራት ግዴታ አለበት። አሠሪ ፈቃድ ይሰጣል። ጉሮሮውን ያመመው የሐኪም ማስረጃ ያመጣል። ተቀምጦ ዝም የሚል ሰው ወንበሩ ቀስ እያለ ወደ ፊት ያዘነብልበታል፤ በሦስተኛው ደቂቃ ወይ ይናገራል ወይ ይወድቃል።

ድምፅ መስጠት ከቀረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሰው ሣጥን ፊት ሲቆም ይዋሻል ተባለ፤ ሻይ ይዞ ከወዳጁ ጋር ሲጫወት ግን ልቡ ያለውን ይናገራል ተባለ። በዚህ ምክንያት ሣጥኑ ቀረና ሰሚው መጣ። ሰሚው በየብርጭቆው ሥርና በየወንበሩ ክንድ ውስጥ ተቀምጦ ማን እንደተመሰገነ፣ ማን እንደታማ፣ የተባለውም ምን ያህል ከልብ እንደሆነ ይመዝንና ውጤቱን ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ በመቶኛ ያወጣል። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አንደኛ የሆነው ዋና አሰልጣኝ ነው፤ ሁለተኛው ምክትል ነው፤ እንዲህ እያለ እስከ ወጌሻው ድረስ ይወርዳል። ይህን የሠሩት መሐንዲሶች ብልሆች እንደነበሩ አይካድም። ድሬዳዋ መጥተው ከሰው ጋር ሻይ ጠጥተው አያውቁም እንጂ።

ሰሚው እንዲሰማ ብሎ ማውራት ክልክል ነው። ደንቡ «ተፈጥሯዊ ወሬ» ይላል፤ ስለዚህ ደጋፊው አቅሙ በፈቀደው መጠን እየጮኸ ተፈጥሯዊ ይሆናል።

ወንዳፍራሽ በዚህ ሳምንት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁ ቤዛዊት የደቻቱ ኮከብ ግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን አንድ የጋምቤላ ቡድን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሊወስዳት ጠይቋታል። «እዚህ ዋና ካደረጉኝ እቀራለሁ፤ ካላደረጉኝ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ እሄዳለሁ» ብላዋለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ናቸው። እሷ ከሄደች ምሳ ላይ ስለ ማዕዘን ምት የሚከራከረው ሰው አይኖርም።

ችግሩ ስለ ልጁ ማውራት አለመቻሉ ነው። ማክሰኞ ገና እንደተቀመጠ «እኔ እንኳ ቤዛዊትን...» ሲል ወንበሩ አንድ ስንዝር ዝቅ አለና በጨዋ የሴት ድምፅ «ዝምድና» አለው። ቤቱ ሳቀበት።

«አርፈህ ሻይህን ጠጣ» አለው ኢድሪስ። ኢድሪስ የድሮ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነው፤ አርባ ዓመት አብረው ኳስ አይተዋል። «ምክትሉ እያለ ምን አስጨነቀን? አስናቀ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም፤ ሰዓት አለው» አለ ወንዳፍራሽ። ስለ ሌላው ሰው ማውራት አይከለከልም። «ቅያሪው በእሱ እጅ ነው፤ ቡድኑ ይምራም ይመራም፣ ሰባኛው ደቂቃ ላይ ሦስት ሰው ይቀይራል። የደም ግፊት ኪኒን ነው እንዴ?»

«ባለፈው የቀየረውማ ሁለት ያገባውን አጥቂ ነው» አሉ እትዬ ፋንታዬ። እትዬ ፋንታዬ ገበያው መግቢያ ላይ ሳምቡሳ የሚጠብሱ፣ ድምፃቸው ከስታዲየሙ ማጉያ የሚበልጥ ሴትዮ ናቸው። «ሦስተኛውን ሊደግም ሲል ና ውጣ አለው። ያ ሁሉ ጎረምሳ ሲያለቅስ ሳምቡሳ ሰጥቼ ያባበልኩት እኔ ነኝ።»

ግድግዳው ላይ አስናቀ ከአርባ ስምንት ወደ አርባ አንድ ወረደ። «ለምን ስለ ልጅቷ አናወራም? በረኞቻችን ሰው የመሰሉት በማን ነው?» ሲሉ እትዬ ፋንታዬ ቀጠሉ። ወንዳፍራሽ ጣሪያውን እያየ ማፏጨት ጀመረ። ፊቱ ላይ ደስታ ስለታየ ወንበሩ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ።

አሰልጣኝ ልሳነወርቅን በተመለከተ ግን ልዩነት አልነበረም። እስከ ዓርብ ድረስ ሰውየው ሲቦጨቁ ሰነበቱ። ለአራት ዓመት ሙሉ ከስልሳኛው ደቂቃ በፊት ማጥቃት የተከለከለ ነበር፤ ጉልበት እንቆጥባለን ይሉ ነበር። «ለማን ነው የሚቆጠበው? ለተጋጣሚ?» አለ ኢድሪስ ረቡዕ ዕለት። «ይኼ ሰውዬ ፍየል አግድ ቢባል፣ ፍየሎቹ ስልሳ ደቂቃ ሳር ሳይነኩ ይቆሙ ነበር።» ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ጉርሜሳ ደግሞ አሰልጣኙ ከአምስቱ ጎል በኋላ የሰጡትን አስተያየት በቃሉ ያውቀዋል፦ «በሁለተኛው አጋማሽ ተሻሽለናል።» በሁለተኛው አጋማሽ የገባባቸው ሦስት ነው። ሰሚው የለቀቀውንም ስለሚቆጥር ሰሌዳው ላይ አሰልጣኙ ሁለት በመቶ ነበራቸው፤ ሁለቱ ከየት እንደመጣ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ዓርብ ከሰዓት ቤዛዊት ሃምሳ ስምንት፣ አስናቀ ሃያ ዘጠኝ ነበሩ። ወንዳፍራሽ ሐብሐብ ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

«ያለቀለት ነው» አላት ምሳ ላይ። ቤት ውስጥ ሰሚ የለም፤ እንደልቡ አወራ። «ሰኞ ቢሮው ያንቺ ነው።»

«እሺ አባዬ» አለች።

«ጋምቤላዎቹ ግን እንዴት አገኙሽ? እዚያ ማን ያወራልሻል?»

ቤዛዊት ፊቷ በራ። «ማንም። አንድ ሰውዬ መጣና ልምምድ ላይ ቆሞ አየ። ሦስት ቀን። አንድ ቃል አልተናገረም። በአራተኛው ቀን ጠየቀኝ።»

«ቆሞ ብቻ?»

«ቆሞ ብቻ።»

ወንዳፍራሽ አሠራሩ ኋላቀር መሰለው። የልጁ ፊት መብራቱን ግን አይቷል። አይቶም እንዳላየ ሆነ፤ ሐብሐቡን መቁረጥ ቀጠለ። እሷም ማየቱን አውቃ እንዳላወቀች ሆነች። ሁለቱ በዚህ አኳኋን ብዙ ዓመት ተከባብረው ኖረዋል።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነው። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ የወሬ ቤቱ በር ተከፈተና አሰልጣኝ ልሳነወርቅ ራሳቸው ገቡ። በግራ እጃቸው ከዘራ፣ በቀኝ እጃቸው አንድ ካርቶን ሙሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዘዋል። «ልሰናበታችሁ ብዬ ነው» አሉ።

እንግዲህ ሰውየው በማይሰማበት ማማት አንድ ነገር ነው። የሚሄድ ሰው፣ ያውም እያነከሰ፣ ያውም ሙሸበክ ይዞ መጥቶ ፊትህ ሲቆም ሌላ ነገር ነው። ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። ኢድሪስ የራሱን ወንበር ለቀቀላቸው።

«አባታችን ነበሩ» አለ ኢድሪስ፣ የረቡዕ ፍየሎቹን ከነመኖራቸው ረስቶ። «እንዲህ ያለ የተረጋጋ ሰው ይህች ከተማ አላየችም።»

«ጉልበት መቆጠብን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አሉ እትዬ ፋንታዬ። «እኔ በበኩሌ ሥራዬ ላይ ተጠቅሜበታለሁ።»

ጉርሜሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «አምስት ሲገባብን እንኳ ፊታቸው አልተለወጠም። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ከየት ይመጣል?»

ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እንግዳው አዙሯል። ሰሌዳው የሚታየው ከወንዳፍራሽ ወንበር፣ ከቁጥር አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነበር። ወንዳፍራሽ ሙሸበኩን ሊጎርስ ሲል ቀና አለና አየ፦ ልሳነወርቅ ዘጠኝ። መጉረሱን ተወው። ልሳነወርቅ አሥራ ሰባት። ኢድሪስን በክርኑ ጎሸመው፤ በዓይኑ ወደ ግድግዳው ጠቆመው። ኢድሪስ «ተራህን ጠብቅ፤ ጉርሜሳ አልጨረሰም» ብሎ አንሾካሾከለት።

ምስጋናው እየተቀጣጠለ ሄደ። አንዱ ኮፍያ አደራረጋቸውን አመሰገነ። ሌላው በዝናብ ጊዜ ተጫዋች ሳይገባ እሳቸውም አለመግባታቸውን አነሳ። እትዬ ፋንታዬ ሁለተኛ ዙር ጠየቁ። ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀር ቤዛዊት አርባ ስድስት፣ አስናቀ ሃያ አንድ፣ አሰልጣኙ ሠላሳ ሦስት ደርሰዋል።

ወንዳፍራሽ ይህን ሽቅብ የሚወጣ ቁጥር የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገባው፤ አንድ ሰው እውነቱን መናገር አለበት። ዙሪያውን ቃኘ። ከእሱ በቀር ይህን የሚያደርግበት ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም። ተነሳ። አሰልጣኙ ምስጋናውን በትሕትና ለመቀበል አንገታቸውን ደፉ።

«አሰልጣኝ» አለ። «እርስዎ መልካም ሰው ነዎት። አሰልጣኝነቱን ግን አይችሉበትም። አራት ዓመት ሙሉ አሰልቺ ኳስ አሳዩን። የሄዱት በጉልበትዎ አይደለም፤ በአምስት ጎል ነው። መሄድዎም ጥሩ ነው።»

አሰልጣኙ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሠላሳ ሦስቱ ሠላሳ ሁለት ሆነ። ወንዳፍራሽ ትንፋሹ መለስ አለ።

ትንፋሹ የተመለሰው ለአንድ አፍታ ነው።

«ነውር ነው» አሉ እትዬ ፋንታዬ። «ወንዴ፣ ሽበትህን አታፍርም? በሽኝት ላይ?»

«አይስሙት፤ ሙቀቱ ነው» አለ ጉርሜሳ አሰልጣኙን ትከሻቸውን እያሻሸ።

«ልጁን አስቦ ነው» አለ አንዱ ከኋላ፤ የወንዳፍራሽ ወንበርም ጊዜ ሳያጠፋ «ዝምድና» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ምስጋና አይባልም፤ ርብርብ ነው። ኢድሪስ አሰልጣኙን አቅፎ ማልቀስ ጀመረ፤ «ከእርስዎ ሌላ አሰልጣኝ አናውቅም፤ አንፈልግምም» አለ። እስከዚያች ደቂቃ የተባለው ሁሉ ከአንገት በላይ ነበርና ሰሚው በግማሽ ሚዛን ነበር የሚይዘው። አሁን ግን የሰው ሁሉ አንጀት ተላውሷል። የተሰደበ ሽማግሌ ፊታቸው ቆሞ የሚናገሩት ከልባቸው ነበር፤ ሰሚውም ከልብ የሆነውን ሁሉ ከልብ ብሎ መዘገበ። ስድስት ሰዓት ደወለ። ልሳነወርቅ ሰባ አንድ። ቤዛዊት አሥራ ስምንት።

አሰልጣኙ ሰሌዳውን ያዩት ያን ጊዜ ነው። ፊታቸው አምስተኛው ጎል ሲገባ እንኳ እንዲያ አልሆነም ነበር።

ደጅ ላይ ኢድሪስ ወደ ወንዳፍራሽ ዞረ። «አንተ ባትሳደብ እኮ በአርባ ይቆሙ ነበር» አለው። እውነቱን ነው።

በማግስቱ እሁድ፣ ሹመቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ አሰልጣኝ ልሳነወርቅ እያነከሱ ወንዳፍራሽ ቤት መጡ። ወንዳፍራሽ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው መሬት ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን የትናንቱን ነገር አላነሱም። የቤዛዊት ሻንጣ ሶፋው ላይ ተከፍቶ ነበርና ከጎኑ ተቀመጡ።

«ያለ አንቺ አልችለውም፣ ልጄ» አሏት። «ሕዝቡ እንዲህ ከወደደኝ ምን አደርጋለሁ? ምክትሌ ሆነሽ አብረሽኝ ብትቀሪ ብዬ ነው።»

ቤዛዊት ሻንጣውን አየች። ከዘራቸውን አየች። አባቷን አላየችም። «እንዴታ ጋሼ» አለች። «አብረን እንሠራለን። እንኳን ደስ ያለዎት።»

ወንዳፍራሽ ደስ አለው። ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አለው፤ ትናንት የደረሰበትን ውርደት ሁሉ ረሳው። አሰልጣኙን እስከ በር ሸኝቶ ሲመለስ ቤዛዊት የልምምድ ጫማዎቿን ከሻንጣው ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣች መሬት ላይ ትደረድራለች። ፊቷን አየው። ትናንት ወሬ ቤት ውስጥ በሠላሳ ሰው ላይ ያየው ፊት ነው፤ ያንኑ ፈገግታ እስከ ጥርሱ አሟልታ ይዛዋለች። ለካ ዓርብ ምሳ ላይ «እሺ አባዬ» ስትለውም ይኸው ፊት ነበር። «እዚህ ዋና ካደረጉኝ እቀራለሁ» ያለችውም ለእሱ ብላ ነው።

«መጣሁ» አለና ወጣ።

አሰልጣኙን ጥጉ ላይ የሚደርስባቸው መስሎት ነበር፤ ግን መሮጥ ነበረበት። ልሳነወርቅ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው እንደ ጎረምሳ ይራመዳሉ። «አሰልጣኝ» ብሎ ሲጠራቸው ደንግጠው ከዘራውን መሬት አስያዙና ማነከስ ጀመሩ።

«ልጄ አትቀርም» አለ እያለከለከ። «ሐሙስ ትሄዳለች።»

«አብረን እንሠራለን አለችኝ እኮ።»

«ፊት ለፊትዎ እምቢ ማለት ስለማትችል ነው። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ አውቃታለሁ። እኔ ራሴም እንድትሄድ አልፈልግም፤ ቤቱን ሳስበው ከአሁኑ ይጨንቀኛል። ግን እሷ መሄድ ትፈልጋለች። እኔ እንደሆንኩ ትናንት ስሜ ጠፍቷል፤ ከዚህ በላይ የሚጠፋ የለኝም። ስለዚህ እኔ እልዎታለሁ። እምቢ ብላለች።»

ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። አሰልጣኝ ልሳነወርቅ መንገዱን ግራ ቀኝ አዩና ጠጋ አሉት።

«አቶ ወንዳፍራሽ» አሉ በዝቅታ። «ኤረር ላይ ሁለት መቶ የማንጎ ችግኝ ተክያለሁ። ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው ነው፤ ውሃ የሚያጠጣልኝ ሰው የለም።»

«ታዲያ እምቢ አይሉም?»

«ማንን? አቅፎኝ ያለቀሰውን ሰውዬ? እነዚያን ሴትዮ? እንዴት ብዬ?» ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ነገ ጠዋት ወሬ ቤት ሲከፈት... እባክዎ ለእኔም እምቢ ይበሉልኝ።»

«በምን አፌ?»

«በትናንቱ አፍዎ» አሉት። «እኔ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ፊቴ ላይ ጎበዝ ነዎት ይለኛል፤ እኔም አምኜ ቀጠልኩ።»

ወንዳፍራሽ ለእኚህ ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አክብሮት ተሰማው። እሺ አላቸው። ተጨባበጡ። ሰውየው ከዘራውን እንደገና ብብታቸው ውስጥ ከትተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዞር ሲል ቤዛዊት ተከትላው ወጥታ፣ ከአጥሩ ጥግ ጀርባ አንድ እግሯን ጫማ አድርጋ፣ አንድ እግሯን ባዶ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ሳምንቱን ሙሉ ያላየውን ሳቅ እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን ረጥቧል።

«አባዬ» አለች። «ሁለታችንንም አሰናብተህ ቡድኑን ማን ሊያሰለጥን ነው?»

ወንዳፍራሽ ገባው። ነገ አሰልጣኙ እምቢ ከተባለላቸው ማክሰኞ አዲስ የወሬ ሳምንት ይከፈታል። እትዬ ፋንታዬ እንደገና ስለ በረኞቹ ያነሳሉ፤ በዚህኛው ሽኝት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሰሌዳው ላይ የልጁ ስም ከላይ ይወጣል። «ትንሽ ቆዪ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ብትሰማው እንደምትቆይለትም ያውቃል።

«እሱን ሳምንቱን ሙሉ እናወራበታለን» አለ። «አንቺ ሻንጣሽን ዝጊ።»